አሶቼን የጣለብኝ ቁልፍ

ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በሚታደልበት በቴክሳስ ሆልደም ፖከር፣ ሁለት አስ፣ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠውን ጅምር፣ በእጅ መያዝ በአማካይ ከ221 ዕደላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥም ዕድል ነው። ይህ ዕድል በስልኬ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ከፍቼ በምጫወትበት ሰዓት ደረሰኝ፤ የደረሰኝ ግን በማላየው ጠረጴዛ ላይ ነበር። በማየው ላይ የተሰጡኝ ሁለትና ሰባት፣ ያውም የተለያየ ዓይነት፣ ማለትም የፖከር ተጫዋቾች ከሁሉ የከፋ የሚሉት ጅምር ስለነበሩ፣ «ፎልድ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ልጥላቸው ጣቴን ስሰነዝር፣ ድረ ገጹ በአሳቢነቱ «ተራዎ ደርሷል» ብሎ ሌላውን ጠረጴዛ ከፊቴ ደቀነው። የሁለቱም ጠረጴዛ ቁልፍ የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ነው። አሶቹን ያየኋቸው ተንሸራተው ሲሄዱ ነው።

እጅግ ያናደደኝ ደግሞ ይኸው ድረ ገጽ የመለያ ሥዕሌን ከድመት ወደ አንበሳ ስቀይር «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሁለት ጊዜ የጠየቀኝ መሆኑ ነው። አሶቼን ሲጥል ግን ሙሉ እምነት ነበረው።

ፖል ፊትስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ እንደሚወሰን አሳይቷል፤ ቅርብና ሰፊ የሆነው ቶሎ ይነካል። የዚህ ገጽ ዲዛይነር ትምህርቱን በሚገባ ተቀብሎ «ፎልድ»ን እንደ በር ሳንቃ አስፍቶታል፤ ቶሎ የሚነካ ነገር ሳይታሰብም ቶሎ እንደሚነካ ግን የነገረው ያለ አይመስልም። እንደ እኔ አስተያየት የጥሩ ፖከር ገጽ ዋናው መለኪያ፣ ሰው እጁን በሰነዘረበት ቅጽበት ስክሪኑ ከቦታው ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ተራ ሲደርስ ጠረጴዛውን ከፊት ከመደቀን ይልቅ ጠርዙ ላይ ምልክት ማብራት ይበቃል፤ የግድ መቀያየር ካስፈለገም፣ አዲሱ ጠረጴዛ እንደ ታየ ቁልፎቹ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ቢደነዝዙ ማን ይጎዳል? ያለ ክፍያ «ቼክ» ብሎ በጨዋታው መቆየት እየተቻለ «ፎልድ» ሲጫኑ ቆም አድርገው የሚጠይቁ ገጾች እንዳሉ ሳስብ ቅናት ይይዘኛል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም፤ ከካርታ ዓይነቶቹ ዳይመንዱን ሰማያዊ፣ ክለቡን አረንጓዴ የሚያደርገው ባለ አራት ቀለም ካርታ በትንሽ ስክሪን ላይ ዓይንን እንደሚያሳርፍ የታወቀ ሲሆን፣ እዚህ ገጽ ላይ ግን የተደበቀው፣ ምክንያቱን ፈጣሪ ይወቀው፣ በድምፅ ማስተካከያው ሥር ነው።

የመወራረጃው ተንሸራታች ግን ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ያለኝ ቺፕ፣ ማለትም የመወራረጃ ገንዘብ፣ ሁሉ በአንድ ጣት ርዝመት መስመር ላይ ስለ ታጨቀ፣ ጣቴ በፀጉር ስንጣቂ ሲንቀሳቀስ ውርርዱ ይዘላል። «የመሐሉን ግማሽ»፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ ከተከማቸው ውርርድ ግማሹን፣ የሚል አንድ ቁልፍ ቢኖር የሚያልቀውን ነገር በተንሸራታቹ ስለካ ቆይቼ ጣቴን ሳነሳ፣ መስመሩ እስከ ጫፍ ፈትለክ ብሎ ያለኝን በሙሉ አስያዘብኝ። በእጄ አንድም የሚረባ ካርታ አልነበረም። ተቃዋሚዎቼ የተሰጣቸው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ሲያመነቱ ቆይተው ተራ በተራ ካርታቸውን ጣሉ። ከመካከላቸውም አንዱ በመልእክት መስኮቱ ላይ «እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም» ብሎ ጻፈልኝ። አመሰግናለሁ ልለው መስኮቱን ስነካ የፊደል ገበታው ብቅ ብሎ የጨዋታውን ቁልፎች በሙሉ ሸፈናቸው፤ ገበታውን ለመዝጋት ስታገልም ሰዓቴ አልቆ ቀጣዩን እጅ ሲስተሙ ራሱ ጣለልኝ፤ የጀመርኩት ምስጋናም አብሮ ጠፋ። ሰውየው ጥቂት ጠብቆ እንደገና ጻፈ፦ «ደግሞ ኩራቱ!»