«ክፈትልኝ» እንጂ «አንብበው» አላሉኝም

ትናንት ማታ አባቴ ስልካቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡና «እስቲ ይህን ነገር ክፈትልኝ» አሉኝ። የሚታከሙበት ሆስፒታል ታካሚዎች የሕክምና መዝገባቸውን በኢንተርኔት እንዲያዩ መፍቀድ ጀምሯል። እሳቸው የፈለጉት የኩላሊት ምርመራቸውን ውጤት ብቻ ነበር። መነጽራቸውን ሳሎን ትተውት ስለመጡ፣ በአጭር መልእክት የገባውን ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ያነበብኩትም፣ የይለፍ ቃሉን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ቀጥሎ ረዥም የስምምነት ጽሑፍ መጣ፤ ግርጌው ላይ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። እሳቸው አላነበቡትም። እኔም አላነበብኩትም። ሳጥኑን ነካሁትና አለፍን።

ውጤቱን ፍለጋ ወደ ታች ስወርድ የቀድሞ ሕመሞቻቸው ዝርዝር ተከፈተ። ከ11 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ መስመር አለ። ምን እንደሚል እዚህም አልጽፈውም፤ ማስታወሻው የእኔ ቢሆንም መስመሩ የእሳቸው ነው። ያን ዓመት ግን አልረሳውም። አባቴ ከሰው ጋር መነጋገር የተዉበት፣ እኔም «ምን ቂም ይዘውብኝ ነው?» እያልኩ ያኮረፍኩበት ዓመት ነው። ለካ ቂም አልነበረም።

«ኩላሊቱ ምን ይላል?» አሉኝ አጠገቤ እንደቆሙ።

«ደህና ነው፤ ክሬአቲኒኑ ከልኩ አልወጣም» አልኩ። ድምፄ እንዳይለወጥ ስጠነቀቅ ተለውጦ ይሆናል።

ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት ስለ ሕመሙ አይደለም፤ ስለዚያች ሳጥን ነው። ማን ነው የተስማማው? ታካሚው አባቴ፣ ጣቱ የእኔ። እንደ ኢስቶኒያ ባለ አገር፣ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በሚሠራበት ብሔራዊ የጤና መዝገብ፣ ታካሚው ፋይሉን ማን እንደከፈተው ገብቶ ማየት ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት የከፈተው ሐኪም ካለም ይጠየቃል። በጣም የምወደው ሐሳብ ነው። ነገር ግን እኔን አይዘኝም። ሐኪሙ ሲገባ በስሙ ይመዘገባል፤ እኔ የገባሁት በአባቴ ስም ነው። መዝገቡ ቢጠየቅ «አባትህ የራሳቸውን ፋይል አዩ» ብሎ ይመሰክርልኛል።

በወረቀቱ ዘመን ቢያንስ የሐኪሞች የእጅ ጽሑፍ ነበር። እንደዚያ የማይነበብ ጽሑፍ ከየትኛውም የይለፍ ቃል የተሻለ ቁልፍ መሆኑ የገባኝ ገና አሁን ነው።

ስለ መዝገብ መከፈት ከዚህ በፊት ያነበብኩት ደግሞ ደግ ደጉን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ከ100 በላይ ሐኪሞች ስለ ታካሚዎቻቸው የሚጽፉትን ማስታወሻ ለራሳቸው ለታካሚዎቹ በኢንተርኔት ከፈቱላቸው። ሙከራው ሲያበቃ «ይቅርብኝ» ያለ ሐኪም አልተገኘም፤ መጠይቁን ከሞሉት ታካሚዎችም 99 በመቶ ያህሉ እንዲቀጥል ፈለጉ። አሁንም ትክክል ነው እላለሁ፤ ስለ ገላው የተጻፈውን ማየት ለማንም ሰው ይገባዋል። በዚያው ጥናት ከ20 እስከ 42 በመቶ የሚሆኑት፣ ቁጥሩ እንደየሆስፒታሉ ይለያያል፣ ማስታወሻቸውን ለሌላ ሰው ማካፈላቸውን ተናግረዋል። ያኔ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን «አካፍለው ነው ወይስ እንደ አባቴ መነጽራቸውን ረስተው?» ብዬ መጠየቅ አማረኝ።

ሰው የሚፈራው ሌባ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ከአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቁ የብዙ ሺህ ታካሚዎች ምስጢሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2020 «ገንዘብ ካልከፈላችሁ ይወጣሉ» ተብሎ ለየባለቤቶቹ ማስፈራሪያ ተልኮባቸዋል። አሰቃቂ ነው። ግን ለሌባ ሕግም ፖሊስም አለ። ለታዛዥ ልጅ ምን አለ?

አለ፣ ለካ። ዛሬ ጠዋት ያን የስምምነት ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ታካሚው ለሚረዳው ሰው የተለየ መግቢያ መስጠት ይችላል። ቀጠሮና የምርመራ ውጤት ብቻ እንዲታይ፣ ሌላው እንዲሸፈን ማድረግም ይችላል። ትናንት ይህን ብናውቅ ኖሮ ያንን መስመር አላየውም ነበር።

ከቁርስ በኋላ አባቴን መነጽራቸውን አስደርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው እንዲቀይሩ አሳየኋቸውና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ብዙ ቆዩ። የቁልፎቹን ድምፅ እሰማለሁ፤ መተየብ ያቆሙና እንደገና ይጀምራሉ። የሚረዳ ሰው መግቢያ የሚባለውንም ነገርኳቸው፤ «እኔ ማየት ያለብኝን ብቻ መርጠው መክፈት ይችላሉ» አልኳቸው።

«ትናንት ሁሉንም አየኸው?» አሉኝ ድንገት።

«ጥቂት አየሁ» አልኩ።

ዝም አሉ። ከመድኃኒት ካርቶናቸው ላይ ክዳኑን ቀደዱና አዲሱን የይለፍ ቃል በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሰጡኝ። «እኔ እረሳዋለሁ፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ።

አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እስካሁን አልዘረጋሁትም።