ከሰል ለማያያዝ ፌስታል አያስፈልግም

እኛ ሰፈር ከሰል የሚያያዘው በፌስታል ነው። ጥቁሩን ፌስታል ጠቅለል አድርገው ከከሰሉ ሥር ይወሽቁታል፣ ክብሪት ይጭራሉ፣ ከዚያ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። ሌላው ላምባ ጠብ ያደርጋል። በዚያው እሳት ቡና ይቆላል፣ ይፈላል። ልጆች ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ያንን ጭስ ይስባሉ። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ምክንያቱም ከፌስታልም ከላምባም የተሻለ ማያያዣ በየአጥሩና በየአጣና መሸጫው በነፃ ወድቆ ይገኛል። የዛፍ ቅርፊት ማለቴ ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። የዚያን አገር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሳት ጠፋ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አያቴ ማታ ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች፣ ጠዋት ትገልጠዋለች። ከአመዱ ሥር የምትቀረው ፍም ብዙ ጊዜ የባቄላ ፍሬ ብታክል ነው። በዚያች ላይ አንድ ጭብጥ የታሸ የጥድ ልጥ ታደርግና ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። መጀመሪያ ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣል። እየወፈረ ይሄድና ድንገት ቦግ ይላል። ክብሪት የለ፣ ላምባ የለ። እኔን የምትልከኝ ልጡን እንዳመጣ ነበር። «ሳታሸው እንዳታመጣልኝ» ትለኛለች ሁሌ።

ዋናው ሥራ ማሸቱ ነው። የጥድ ቅርፊት ቀጭን ነው። ሲያረጅ ከግንዱ ላይ በረጅሙ እየለቀቀ ይንጠለጠላል፣ ውስጡም ጭረት ጭረት ነው። ጥቂት ቁራጭ ይዛችሁ በሁለት መዳፋችሁ መሃል ወዲያና ወዲህ አሹት። ከሥሩ ሰፌድ ወይም ጋዜጣ አድርጉ፤ የሚረግፈው ደቃቅ ብናኝ ከሁሉ ቀድሞ እሳት የሚይዘው ስለሆነ እንዳይባክን። ጠንካራው የላይኛው ሽፋን ተሰባብሮ ይራገፋል። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ቡናማ ጭረት እየተፍታታ፣ እየለሰለሰ ይመጣል። መዳፋችሁ የጥድ ሽታ ይይዛል፤ እኔ ይህን ሽታ ከየትኛውም ሽቶ አስበልጬ እወደዋለሁ። ከዚያ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና ብናኙን መሃሉ ላይ መልሱት። አትጠቅጥቁት። አየር ካልገባው ይጨሳል እንጂ አይነድም። በደንብ ከደረቀና በደንብ ከታሸ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ከላዩ ጭራሮ፣ ከጭራሮው ላይ ደቃቁ ከሰል፣ እሱ ሲቀላ ትልልቁ።

ሳይታሽ ለምን እምቢ ይላል? እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚነደው ከሚሞቀው እንጨት የሚወጣው ጋዝ ነው። ያ ጋዝ እንዲወጣ ነገሩ ቶሎ መሞቅ አለበት። ወፍራም ቁራጭ የክብሪቷን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስብና ያባክነዋል። በቀጭን ጭረት ላይ ግን ያችው ትንሽ ሙቀት ትበቃለች። እርጥበት ካለው ደግሞ ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል።

ጥዱን ከየት ላምጣ ለምትሉ፣ የኔ ምንጭ አሮጌ አጥር ነው። ጥድ ቶሎ አይበሰብስም፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ስለዚህ በደጋው አገር ለአጥርና ለቤት ቋሚ ሲሠራበት ኖሯል። ቋሚው ጸንቶ ይቆማል፣ ቅርፊቱ ግን እየለቀቀ ይንጠለጠላል። ዝናብ በማይመታው ጎን ያለውን እልጣለሁ። ባለቤቱን ማስፈቀድ ጥሩ ነው፤ እስካሁን የከለከለኝ የለም። ደን ገብታችሁ ላጡ እያልኩ አይደለም። የመናገሻ ሱባ ደን ጥድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር ተተከለ ይባላል። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ቢላ የሚያነሳ እጅ ያሳዝነኛል።

አዲስ አበባ ላላችሁት የሚቀርባችሁ ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ጊዜ የከተማዋ ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ወደምትባል ከተማ ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ካዳናት ነገር አንዱ ይህ ቶሎ አዳጊ ዛፍ ነው። ነጩ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን ራሱ በረጅም በረጅሙ እየላጠ ይጥላል። ከሥሩ ደርቆ የተጠቀለለ ታገኛላችሁ። አጣና የሚሸጥበት ቦታ ደግሞ ቅርፊቱ ተከምሮ ይውላል፤ ጠይቁ፣ «ውሰዱት» ነው የሚሏችሁ።

የባሕር ዛፍ ቅርፊት እንደ ጥዱ ታሽቶ አይለሰልስም። በቁመቱ ሰንጥቃችሁ፣ ከውስጥ በኩል ያለውን ጭረት በጥፍር ገንጥላችሁ ቀጫጭን አድርጉት። ነበልባሉ ትልቅ ነው፣ ግን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ጭራሮው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ንፋስ ባለበት ደግሞ ተጠንቀቁ። የተጠቀለለው ቅርፊት እየነደደ በንፋስ ይነሳና ራቅ ብሎ ይወድቃል። የዛፉ አገር አውስትራሊያ ውስጥ የደን ቃጠሎ ኪሎ ሜትሮችን ዘሎ አዲስ ቦታ ላይ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በበጋ እንጦጦ ሥር ያለን ሰዎች ይህን ልንዘነጋው አይገባም።

ወይራ ለማያያዣ አይሆንም። የወይራ ሙያው ፍም ላይ ነው፣ የወተት ዕቃ ማጠን ላይ ነው። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ግን እባካችሁ ተዉት። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ እንደ ካሜሩንና ማዳጋስካር ባሉ አገሮች ያለ ልክ ተልጦ ብዙ ዛፍ ደርቋል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል።

የቆመ፣ ሕይወት ያለው ዛፍ መላጥ ነገር የሌለው የሚመስላቸው አሉ። ከውጭ ያለው ደረቅ ሽፋን የሞተ ነው፣ እውነት ነው። ከሱ ሥር ያለው እርጥቡ ስስ ክፍል ግን ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርድ ነው። ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል፣ ዛፉም ቆሞ ይደርቃል። ደግሞ እርጥብ ቅርፊት ለእሳት ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ የወደቀውን፣ ከሞተው ዛፍ ላይ ያለውን፣ ሲነኩት በራሱ እጅ ላይ የሚቀረውን ብቻ።

ለክረምት የሚሆነውን ከግንቦት በፊት መሰብሰብ ነው። የገጠር ቤት ቆጥ ስላለው ችግር የለም፤ ከምድጃው በላይ ስለሆነ ጭሱም ሙቀቱም ሲያደርቀው ይከርማል። እኔ በኪራይ ቤቴ በጆንያ አድርጌ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ እርጥበት ይቋጥራል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ለዕለቱ የሚሆነውን ዋዜማውን አውጡና ገና ሙቀት ያለው ምድጃ አጠገብ አሳድሩት። ጠዋት ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እየተለመጠ ካስቸገራችሁ ሌላ ቀን ይጠብቅ።