ሳይወድቅ የተሰበረው ኢ-ሪደር

በምሠራበት የሕትመት ክፍል አርታኢዎችና አራሚዎች ረቂቆችን በወረቀት እያተሙ ማንበባቸው ቀርቶ ኢ-ሪደር በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ እንዲያነቡ ሲወሰን፣ ኪንድል ፔፐርዋይት የተባሉትን 12 የአማዞን ኢ-ሪደሮች ተረክቦ የማደሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። መሣሪያዎቹ በሁለት ዙር ግዥ የመጡ ስለነበሩ 7ቱ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የቀሩት 5ቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ገበያ ላይ የዋሉ ሞዴሎች ናቸው። ከ5ቱ አንዱን በመጠባበቂያነት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለሽፋን የተረፈችው ገንዘብ እዚህ ግባ የማትባል ነበረች፤ እኔም ሽፋን የሚያስፈልገው ስክሪኑ እንዳይጫር ነው ብዬ ስለማምን፣ ዚፕ ያላቸው ለስላሳ የጨርቅ ከረጢቶች ገዝቼ ለሁሉም አደልኩ። ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፣ ለሁለቱም ሞዴሎች ይሆናሉ፣ ሲታዩም ያምራሉ። በምርጫዬ ረክቼ እንደነበር አልደብቅም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከነባሮቹ አርታኢዎች አንዷ መሣሪያቸውን ከነከረጢቱ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ እኔ አልጣልኩትም፤ ከቦርሳዬም አልወጣም» አሉኝ። አውጥቼ ፊቱን በጣቴ ስዳብሰው አንዲት ጭረት አላገኘሁበትም። ሲበራ ግን ከታችኛው ቀኝ ማዕዘን የተነሡ መስመሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተውበታል። ገጽ ለመቀየር ስክሪኑን ብነካው የላይኛው ክፍል ወደ አዲስ ገጽ ሲያልፍ፣ የታችኛው ግን ትናንት ያነበቡትን አንቀጽ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ኢ-ኢንክ (የኤሌክትሮኒክ ቀለም) የሚባለው የኢ-ሪደር ስክሪን ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ምስሉን ለመለወጥ እንጂ ይዞ ለማቆየት ስላልሆነ፣ ትእዛዝ መቀበል ያቃተው ክፍል የመጨረሻውን ጽሑፍ እንደያዘ ይቀራል።

ቦርሳቸውን አብረን ስንፈትሽ የስልካቸው ቻርጀር ከኢ-ሪደሩ ጋር በአንድ ኪስ ታጭቆ አገኘነው። ወደ ሶኬት የሚገቡትን ሁለቱን ብረቶች መስመሮቹ ከተነሡበት ማዕዘን ላይ ባስጠጋቸው ልክክ አሉ። የብዙዎቹ ኢ-ሪደሮች ስክሪን ከሥሩ በጣም ስስ መስታወት አለው፤ ከላይ ያለው ንጣፍ ሲጫኑት ጎበጥ ብሎ ይመለሳል፣ መስታወቱ ግን ያንን ጉብጠት አይችልም። ስለዚህ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ይሰነጠቃል። የእኔ ጨርቅ ደግሞ የሚከላከለው ጭረትን ብቻ ነበር፤ አንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ግፊት እንዳለ አሳልፎታል። ስክሪኑን ለማስቀየር የተጠየቅነው ዋጋ ከአዲስ መሣሪያ ብዙም ስለማይርቅ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ሰጠኋቸው። ቻርጀሩን በሌላ ኪስ ቢይዙት መልካም እንደሆነ በትሕትና ባሳስባቸው፣ «ቦርሳዬ እኮ ያለው አንድ ኪስ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ቀጣዩ ስሕተት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ክዳን ያላቸው ሽፋኖች ስፈልግ፣ «ለፔፐርዋይት» የሚል ጽሑፍና ተመጣጣኝ ዋጋ ስላየሁ ብቻ 11 አዘዝኩ። ሲመጡ 6ቱ በትክክል ገቡ፤ 5ቱ ግን ለአዲሶቹ መሣሪያዎች ጠበቡ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የ2018ቱ ስክሪን 6 ኢንች፣ የ2021ዱ ደግሞ 6.8 ኢንች ነው። የፊተኛው አካል 167 በ116 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኋለኛው 174 በ125 ይደርሳል። በወርድ የ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት ነው፤ ማስመሪያ ይዞ መለካት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ለማስገባት የታገለ አንድ ወጣት አራሚ የሽፋኑን ማዕዘን ሰንጥቆ ስለመለሰው፣ ሻጩን ቀይርልን ለማለት እንኳ አፍ አልነበረኝም።

ለቀሩት 5 መሣሪያዎች ግን ሦስት ናሙናዎች አስመጥቼ ከእኚያው አርታኢ ጋር ተቀምጠን ፈተንናቸው። ፈተናው ቀላል ነው፦ መሣሪያው በሌለበት ክዳኑን ዘግቶ መሃሉን በአውራ ጣት መጫን። የመጀመሪያው የጀርባ ሲሊኮን ብቻ ስለነበር የሚጫን ክዳን እንኳ አልነበረውም፤ ከእጅ አይንሸራተትም፣ ቢወድቅም ማዕዘኖቹን ያድናል፣ ፊቱ ግን ለቻርጀሩ እንደተጋለጠ ነው። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ፣ ከሁሉም የሚያምር ሽፋን ነበር፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ክዳኑ ጎብጦ ውስጥ ገባ፣ የተጠቀሙበትም ካርቶን ከብስኩት ማሸጊያ የማይወፍር ነበር። ሦስተኛው በክዳኑ ውስጥ ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነበረውና ፍንክች አላለም። አርታኢዋ በእኔ ጣት አላመኑምና የራሳቸውን አውራ ጣት ደገሙበት።

ከጥንካሬው ቀጥሎ ያጨቃጨቀን ማግኔቱ ነበር። መሣሪያው ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ማግኔት እየለየ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት ይነቃል። በሁለተኛው ናሙና ግን ክዳኑን ወደ ኋላ አጥፈን ስንይዘው ስክሪኑ በንባብ መሃል ይተኛብን ነበር፤ ይህን ደግሞ መሣሪያውን አስገብቶ ሳይሞክሩ ማወቅ አይቻልም። ሦስተኛው ማግኔቱ ደከም ያለ ቢሆንም ክዳኑን የሚያስር ላስቲክ ስላለው ቦርሳ ውስጥ አይከፈትም። ክብደቱ ግን 120 ግራም ነው፤ 205 ግራም በሚመዝን መሣሪያ ላይ ሲደመር ቀኑን ሙሉ ይዞ ለሚያነብ እጅ ይሰማል፣ አራሚዎቹም በሁለተኛው ቀን ነግረውኛል። ውኃ አያስገባም ተብሎ በእጥፍ ዋጋ የቀረበልን ሌላ ዓይነት ነበር፤ መሣሪያው ራሱ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ለ60 ደቂቃ እንዲቋቋም የተሠራ ስለሆነ ትተነዋል።

ሦስተኛውን ገዛን። ከሦስቱ ናሙናዎች በዋጋ መካከለኛው ነበር። ቀድመው የመጡት ስድስቱም የአውራ ጣቱን ፈተና አለፉ፤ ይህ ግን የእኔ ብልኅነት ሳይሆን አጋጣሚ ነው። ከጠበቡት መካከል ያልተሰነጠቁት አራቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። አርታኢዋ ደግሞ ቻርጀራቸውን ዛሬም በዚያው አንድ ኪስ ነው የሚይዙት።