ከሰርጉ በኋላ ያለውንም አሳዩን

ስለ ጠፈር ድራማ ሲወራ ሰው ሁሉ መርከቡንና ጦርነቱን ያነሳል። እኔ የምከታተለው ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ነው። ሁሌም እንደዚያ ነኝ። ሳይንስ ፊክሽን ስለ ፍቅር ሌላ ዓይነት ድራማ ሊጠይቅ የማይችለውን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የሚያናድደኝ ግን ብዙዎቹ ደራሲዎች ሁለቱን ሰዎች ለማገናኘት ስለሚፈሩ፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ ተከታታዩ አልቆ ያርፈዋል።

እዚህ ባሕር ዳር እንዲህ ዓይነት ድራማ አብረን የምናይ ጓደኛሞች አለን። ፋይሉ በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ነው የሚዞረው። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እንዲያውም ከዚያ ሌላ ብዙም መዝናኛ አልነበረንም። አንዱ አይቶ ሲጨርስ ለሌላው ይሰጣል፣ ከዚያ ሰብሰብ ስንል ጣና ዳር ቁጭ ብለን አሳ ጥብስ አዘን እንከራከራለን። ክርክሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። አንድ ቀን አጠገባችን የተቀመጡ አባት ስለ ዘመዶቻችን የምናወራ መስሏቸው "ልጆች፣ ሽማግሌ ላኩባቸውና አስታርቋቸው" ብለውናል። "ኤክስ ፋይልስ" የሚባለው ድራማ ላይ ስላሉት ስለ ሞልደርና ስከሊ ነበር የምንጨቃጨቀው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዋናው ተከራካሪዬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ የሚማር ጓደኛችን ነው። ለእሱ ከ"ኤክስ ፋይልስ" ጥንዶች በላይ የለም። ድራማው በ1993 ነው የጀመረው። ሞልደር ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን አሉ ብሎ የሚያምን የኤፍቢአይ መርማሪ ነው። ስከሊ ሐኪም ናት፣ ማስረጃ ካላየች አትቀበልም። ሁለቱ ከዓመት ዓመት አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ ለሌላው ነፍሱን ይሰጣል፣ ግን ምንም የለም። በ1998 በወጣው ፊልም ሊሳሳሙ ሲሉ ንብ መጥታ ነደፈቻት! የመጀመሪያው እውነተኛ መሳሳም የመጣው በሰባተኛው ሲዝን፣ 1999 ላይ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ነው። ጓደኛችን "መጠበቁ እኮ ነው ፍቅሩ" ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሎ የጠበቀው ለዚህ ነው ይላል።

አይገባኝም አልልም። እኔም ጠብቄያለሁ። ግን ተከታታዩ በ2016 ሲመለስ ሁለቱ ተለያይተው ነው የምናገኛቸው። በ2008ቱ ፊልም አብረው ሲኖሩ በጥቂቱ ካየነው በቀር ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅነው ኑሮ የት ሄደ? ካሜራው ዘወር ባለበት ተጀምሮ ካሜራው ዘወር ባለበት ፈረሰ። ስለ ምን ተጣሉ? ቁርስ ላይ ምን ያወሩ ነበር? እሱ ሌሊት ሲባንን እሷ ምን ትለው ነበር? እኔ ማየት የፈለግኩት ይህን ነበር።

የቴሌቪዥን ሰዎች ሁለቱ ከተጋቡ ታሪኩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እኛ አገር እኮ ሰርግ የሚደገሰው ገና የሚጀመር ነገር ስላለ ነው። ከሰርጉ በኋላ መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ፣ አማት አለች፣ ዘመድ አለ፣ ጎጆ መውጣት አለ። ወሬው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ለዚህ ነው "ዲፕ ስፔስ ናይን"ን የምወደው። ከስታር ትሬክ ድራማዎች አንዱ ነው። ዎርፍ ክሊንጎን ነው፣ ክሊንጎን ማለት ጦረኛ ሕዝብ ነው፤ ክብር፣ ዘርና ወግ ይላሉ። ጃድዚያ ዳክስ ደግሞ ትሪል ናት። በሰውነቷ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረ ሌላ ፍጡር ተሸክማለች። ፍጡሩ ተሸካሚው ሲሞት ትዝታውን ሁሉ ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። ከእሷ በፊት ሰባት ሰዎች ተሸክመውታል። ስለዚህ ጃድዚያ ወጣት ብትሆንም የሰባት ሰው ዕድሜ ትዝታ አላት፤ ሳቂታ ናት፣ ጨዋታ ወዳድ ናት፣ ወግ የሚባል ነገር ብዙም አይከብዳትም።

በ1997 ሊጋቡ ወሰኑ። ዎርፍን ወደ ቤተሰቡ የተቀበለው ጄኔራል ማርቶክ ነው፤ የማርቶክ ሚስት ሲሬላ የቤቱ እመቤት ናት፣ እሷ ካልፈቀደች ሙሽራ ወደዚያ ቤተሰብ አትገባም። ሲሬላ ደግሞ ባዕድ ሙሽራ አትፈልግም። ጃድዚያን አሸክማ፣ አመላልሳ፣ ስለ ቤተሰቡ ሴቶች ታሪክ እያስተማረች ትፈትናታለች። ጃድዚያ ታዲያ ዝም አትልም። መዝገብ አገላብጣ "አንቺ እንደምትዪው ከንጉሥ ዘር አይደለሽም" ትላታለች። በሰው የዘር ሐረግ ገባችባት! ሰባት ቤት ድረስ ትውልድ እየቆጠረ የሚጋባ አገር ላይ ሆኜ ይህን ሳይ ትራስ አቅፌ "ኧረ ተይ!" ብዬ ጮኽኩ።

እማዬ ያኔ ቡና እያፈላች ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ግንባራቸው የተሸነታተረ ሰዎች ምን እንደሆኑም ጠይቃኝ አታውቅም። ቀና ብላ አየችና "ይች የልጁ እናት ናት?" አለች። አይደለችም፣ እሱን እንደ ወንድም የተቀበለው ሰው ሚስት ናት አልኳት። "ያው አማት በያት። አሁን ልጅቷ ሄዳ ይቅርታ ትጠይቃለች።" አትጠይቅም፣ ምን በወጣት ስላት ሳቀች። "አንች ልጅ፣ ለሴትዮዋ ብላ መሰለሽ? ለእሱ ብላ ነዋ።"

እንዳለችው ሆነ። ሲሬላ ሰርጉን ከለከለች፣ ጃድዚያም ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ሄዳ ለመነቻት፣ ሰርጉም ተደገሰ። የዎርፍ ሚዜዎችም ጉድ ሆነው ነበር፤ ግብዣ ጠብቀው ሄደው አራት ቀን ጾምና ሙቀት ነው የጠበቃቸው። እኔ ይህን ክፍል ከሳቁ ይልቅ ለእውነቱ ነው የምወደው። አንድን ሰው ስታገባ ቤተሰቡንም ታገባለህ የሚለውን ነገር ጠፈር ላይ ወስደው እንዲህ አድርገው ይሠሩታል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከሰርጉ በኋላ በ1998 የታየው ክፍል ነው። ባልና ሚስቱ ከጠላት ወገን ሆኖ ለእነሱ የሚሰልል አንድ ሰው ከጫካ እንዲያወጡ ይላካሉ። ሰላዩ የያዘው መረጃ የብዙ ሰው ሕይወት ያድናል። መንገድ ላይ ጃድዚያ ትቆስላለች፣ መራመድ አትችልም። ዎርፍ ትቷት ይሄዳል፣ ግዴታው ነውና። ግን አልቻለም፣ ተመለሰ። እሷ ተረፈች፣ ሰላዩ ተገደለ። አዛዡ ሲስኮ ጠርቶ "ስህተት ነው የሠራኸው፣ ከዚህ በኋላ መርከብ ላይሰጡህ ይችላሉ" አለው፤ ከዚያ ደግሞ እሱም በሕይወት ዘመኗ ለሚስቱ ይህንኑ ያደርግ እንደነበር ነገረው። ዓመት ሙሉ "ይሳሳሙ ይሆን?" እያሉ ከሚያጓጉ ጥንዶች ይህን ታሪክ ማውጣት አይቻልም። ለዚህ ባልና ሚስት ያስፈልጋሉ።

ያው ብዙም አልቆየልንም። ተዋናይቷ ቴሪ ፋረል ከድራማው ስትወጣ በዚያው 1998 ጃድዚያን ገደሏት። ያውም ልጅ መውለድ ትችላላችሁ ተብለው በተደሰቱበት ቀን፣ ለምስጋና ቤተ መቅደስ በገባችበት። እኔ አልቅሻለሁ። ጓደኞቼም አልቅሰዋል፣ የሚክዱም አሉ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሳይንስ ፊክሽን ብቻ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ውስጧ የነበረው ፍጡር ወደ ሌላ ወጣት ሴት፣ ወደ ኤዝሪ ተላለፈ። ኤዝሪ የጃድዚያን ትዝታ ሁሉ ታስታውሳለች፣ የሰርጉንም ሌሊት ጭምር። ግን ጃድዚያ አይደለችም። ዎርፍ ይችን ሴት ምን ይበላት?

ይህንኑ ጥያቄ ገልብጦ የጠየቀው "ፋርስኬፕ" ነው፤ ከ1999 እስከ 2003 የታየ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተቀረጸ ድራማ። ክራይተን ከምድር በድንገት ሌላ የጠፈር ጥግ ላይ የወደቀ አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ነው። ኤሪን ከልጅነቷ ለወታደርነት ያደገች፣ ስሜት ድክመት ነው ተብላ የተማረች ሴት ናት። ቀስ ብለው፣ እየተጣሉ፣ እየተደባደቡም ይዋደዳሉ። በሦስተኛው ሲዝን ክራይተን ለሁለት ይባዛል። አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ሐሰተኛ አይደለም፤ ሁለቱም እሱ ናቸው፣ ሁለቱም ኤሪንን ይወዳሉ። ድንጋይ ወረቀት መቀስ ሲጫወቱ እንኳ እጃቸው እኩል ነው የሚወጣው። ከዚያ ቡድኑ በሁለት መርከብ ይከፈላል። ኤሪን ከአንዱ ጋር ሄደች፣ እዚያ ሙሉ በሙሉ የእርስ በርሳቸው ሆኑ፣ እሱም በጨረር ተመርዞ እጇ ላይ ሞተ። ተመልሳ ወደ መጀመሪያው መርከብ ስትገባ ሌላኛው ክራይተን ቆሞ ይጠብቃታል። ያው ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ፍቅር። የባሏን ቀብር ውላ ስትመለስ መንትያውን በረንዳ ላይ ቆሞ እንደምታገኝ ሴት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጣና ዳር የጦፈው። አንዷ ጓደኛችን "ያው እሱ ነው፣ ምን ታካብዳለች፣ ሂጂና እቀፊው" ትላለች። እኔ በፍጹም አልስማማም። አብረው ያሳለፏቸው ወራት እዚህኛው ውስጥ የሉም። እሱ ያን ቀን እሷ ያለችውን አልሰማም፣ ያን ሳቅ አልሳቀም። ሰው የሚወደው መልክና ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤሪን ምንም አልጎደለባትም ነበር። የጎደለባት አብሮ የተኖረው ጊዜ ነው። ደራሲዎቹም ይህን ያውቁታል፤ ወዲያው አያስታርቋቸውም፣ ሐዘኗን አክብረው ጊዜ ይሰጧታል። ይህን በመድፈራቸው ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ።

ወጣት ያልሆኑ ሰዎች ፍቅር ከፈለጋችሁ ደግሞ "ባትልስታር ጋላክቲካ" ውስጥ ሮዝሊንና አዳማ አሉ። እሷ ቀድሞ አስተማሪ ነበረች፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆና ሳለ ዓለማቸው ሲወድም ከእሷ በላይ የነበሩት ባለሥልጣናት ሁሉ ስለሞቱ ፕሬዚዳንት ሆነች። ያን ቀን ደግሞ ካንሰር እንዳለባት ሰምታለች። እሱ የጦር መርከቡ አዛዥ ነው። መጀመሪያ ላይ አይጣጣሙም፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ ያሳስራታል። ፍቅራቸው የመጣው መጽሐፍ በመዋዋስ፣ ሥራ በመካፈል፣ ታማ አጠገቧ ቁጭ ብሎ በማንበብ ነው። እንደምትወደው የነገረችው በ2008 ነው፣ ድራማው ሊያልቅ ሲቃረብ። የእሱ መልስ "በስንት ጊዜሽ!" ዓይነት ነገር ነበር። ይህ መዘግየት ግን የኤክስ ፋይልሱ ዓይነት አይደለም። እዚህ ቃሉ ነው የዘገየው፤ ኑሮው ቀድሞ ተጀምሯል፣ እኛም አይተነዋል።

"ቮዬጀር" በሚባለው ሌላ የስታር ትሬክ ድራማ ላይ ካፒቴኗን ጄንዌይንና ምክትሏን ቻኮቴን ሰባት ሲዝን አጓጉተውን በ2001 የመጨረሻው ክፍል ላይ እሱን ለሌላ ሴት የሰጡትን ግን ማውራት አልፈልግም። እስካሁን ያናድደኛል።

ለእኔ አንደኞቹ "ባቢሎን 5" ላይ ያሉት ሸሪዳንና ዴሌን ናቸው። እሱ ሰው ነው፣ እሷ ሚንባሪ ናት፤ ሁለቱ ሕዝቦች የሰውን ዘር ሊያጠፋ የተቃረበ ጦርነት ተዋግተዋል። ጦርነቱን የጀመረው ውሳኔ ላይ የመጨረሻዋን ድምፅ የሰጠችው ራሷ ዴሌን ናት። እሱ ደግሞ የእነሱን ትልቅ የጦር መርከብ ያጠፋ አዛዥ ነው። በሚንባሪ ወግ ሴቷ ከመጋባታቸው በፊት ሦስት ሌሊት ወንዱ ተኝቶ ፊቱን ታየዋለች፤ ሲተኛ እውነተኛ ፊቱ ይወጣል ይላሉ። ቆይቶ ሸሪዳን ይሞትና ይመለሳል፣ ግን ቀሪ ዕድሜው 20 ዓመት ብቻ እንደሆነ ይነገረዋል። ያንን እያወቀች አገባችው። በ1998 የወጣው የመጨረሻው ክፍል በቀጥታ ወደ እነዚያ 20 ዓመታት መጨረሻ ይወስደናል፣ አርጅተው፣ ልጅ አሳድገው። አብረው ያረጁ ጥንዶችን በጠፈር ድራማ ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፖሊ ያለው ጓደኛችን ይህን ገና አላየውም፣ ምስሉ አሮጌ ነው እያለ። እውነት ነው፣ የኮምፒውተር ምስሎቹ የ1990ዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ሲዝንም ቀስ ይላል። ሸሪዳን ራሱ የሚመጣው በሁለተኛው ላይ ነው፣ ስለዚህ እስከዚያ ታገሱ። ሙሉው እኔ ጋ አለ፤ ባሕር ዳር ያላችሁ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑና ውሰዱ።