ኒኬል ኦክሳይድ የሌለበት ናሙና

ዶክትሬቴን ጀርመን ውስጥ ስሠራ የገጠመኝን ላውራችሁ። በተለይ ላብራቶሪ ውስጥ ያላችሁ ልጆች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የምሠራው አንቲፌሮማግኔት በሚባሉ ቁሶች ላይ ነው። እዚህ እንደ ተራ ማግኔት ሁሉም ስፒን (ኤሌክትሮኖች የያዙት ጥቃቅን ማግኔት) ወደ አንድ አቅጣጫ አያይም። አንዱ ሽቅብ ሲያይ ጎረቤቱ ቁልቁል ያያል፣ ተጣፍተው ድምሩ ዜሮ ይሆናል። መረጃ ቢጻፍበት ከውጭ የመጣ ማግኔት በቀላሉ አያጠፋውም፣ የተጻፈውን ማንበብ ግን ያንኑ ያህል ከባድ ነው። በ2016 ኮፐር ማንጋኒዝ አርሰናይድ በሚባል ስስ ፊልም ላይ ስፒኖቹን በከረንት ብቻ ማዞር ተቻለ ተብሎ ሲታተም ብዙ ሰው ወደዚህ ዘርፍ ጎረፈ። እኔም አንዱ ነኝ።

የኔ ናሙና ኒኬል ኦክሳይድ ነበር፣ ላዩ ላይ 5 ናኖሜትር ፕላቲኒየም ያለበት። ኒኬል ኦክሳይድ ከረንት አያሳልፍም። ከረንቱ በፕላቲኒየሙ ሲያልፍ ስፒኖችን ወደ ታች ወደ ኒኬል ኦክሳይዱ ይገፋል፣ ከሥር ያሉት ስፒኖች ወዴት እንደዞሩ ደግሞ በፕላቲኒየሙ ሬዚስታንስ ላይ በጣም በትንሹ ይታያል። የምናነበው ያቺኑ ትንሽ ነገር ነው።

ስምንት ክንድ ያለው ኮከብ መሳይ ቅርጽ ሠራሁ። በአንዱ ሰያፍ አሥር ፐልስ (አጭር የከረንት ምት)፣ ከዚያ በሌላኛው አሥር። ሬዚስታንሱ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ስክሪኑ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ግራፍ ተደረደረ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ ላቡ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። ለአማካሪዬ እዚያው ላክሁለት፣ በሳምንቱም መጻፍ ጀመርን።

እሁድ ኬሚስት የሆነች ሐበሻ ጓደኛዬ ቡና ጠራችኝ። ግራፉን በስልኬ አሳየኋት። ሲኒዋን አስቀምጣ ትንሽ አየችውና፦

«አንተ፣ ኒኬል ኦክሳይዱ ባይኖርስ ምን ይመጣል?»

«ምንም አይመጣማ።»

«ለክተኸዋል?»

አልለካሁትም።

ሰኞ ጠዋት ማግኒዚየም ኦክሳይድ ላይ ፕላቲኒየም ብቻ አስቀመጥኩ። ያው ውፍረት፣ ያው ኮከብ፣ ያው ፐልስ። የመጋዝ ጥርሱ መጣ። ከፍታው ትንሽ አነስ ይላል እንጂ ቅርጹ አንድ ነው፣ የሚዞር ስፒን በሌለበት! ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ክንዶቹ የሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። ከረንቱ እዚያ ይታጨቃል፣ ብረቱ ይግላል፣ የፕላቲኒየም አተሞችም ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይገፋሉ። ሰያፉን ስቀይር ተራው የሌሎቹ ማዕዘኖች ይሆናል፣ ስለዚህ ምልክቱም አብሮ ይገለበጣል። እኔ ይህን ሁሉ ስፒን ብዬ ሳነበው ነበር።

በጣም የቆጨኝ ይህ አይደለም። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ፕላቲኒየም ብቻውን ይህን ምልክት እንደሚሰጥ አሳትመዋል። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። የኛ ፊልም ጥራቱ የተሻለ ስለሆነ አይመለከተንም ብዬ አልፌው ነበር።

ማታ ደወልኩላት። «መጣ?» አለችኝ። «መጣ» አልኳት። ሁለታችንም ዝም አልን።

አማካሪዬ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ጽሑፉ እንዲቆም አዘዘ። አልተቆጣም፤ ለወራት ያንን ግራፍ እሱም አይቶታል። ፐልሱን ዝቅ አድርገን እንደገና ጀመርን። አሁን ባዶው ናሙና ሁልጊዜ ቀድሞ ይለካል፣ ሳጥኑ ላይ በማርከር «ባዶ» ተብሎ ተጽፎበታል። የመጋዝ ጥርሱ ሲጠፋ ኒኬል ኦክሳይድ ባለበት ላይ ብቻ አንዲት ትንሽ ደረጃ ቀረች፤ በመጀመሪያው ፐልስ ትዘላለች፣ ከዚያ አትንቀሳቀስም። የስፒን ትመስለኛለች። ግን ሬዚስታንስ ብቻዋን አትበቃኝም፣ ስለዚህ ስፒኖቹ ሲዞሩ በኤክስሬይ በቀጥታ ለማየት ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ትልቅ ማሽን) ላይ ሰዓት ጠይቀናል። ባዶውም አብሮን ይሄዳል።