ኩርፊያና ማንኮራፋት

ትናንት እሑድ ጠዋት ቡናው ገና ሳይቀዳ፣ ስተኛ የማደርገው የመተንፈሻ ማሽን ጭንብል ጉንጬ ላይ ያሰመረው መስመር እንኳ ሳይጠፋ፣ ባለቤቴ ሲኒዎቹን እየደረደረች «ማሽኑን አድርገህም ታንኮራፋለህ እንዴ?» አለችኝ። በቁጣ አልተናገረችውም፤ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ሊዘንብ ነው» እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ፤ አቦሉን ሳልጠብቅ ጫማዬን አጥልቄ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። ሃምሳውን ያለፈ ሰው ተኝቶ ባወጣው ድምፅ የተነሣ ቡና ረግጦ ሲወጣ ምን እንደሚመስል የጎረቤት ልጆች ቆመው ተመልክተዋል።

መንገድ ላይ ሳሰላስለው ቋንቋችን ራሱ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ማንኮራፋትና ማኩረፍ ለጆሮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቅዳሜ በአጎቴ ተዝካር ላይ፣ ባለቤታቸው የደንቢያ ሰው ስለሆኑ በአገራቸው ወግ ጠምቀው ያቀረቡልን ኮረፌ ደግሞ ሦስተኛ ወንድም ሆኖ መጣ። ኮረፌውን ጠጣሁ፣ ሌሊቱን አንኮራፋሁ፣ ጠዋት አኮረፍኩ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ኩርፊያዬ እየቀዘቀዘ፣ ማንኮራፋቴ ያሳስበኝ ጀመር።

ማንኮራፋት ከሌላው ጥፋት ሁሉ ይለያል። ጥፋተኛው እዚያው ተኝቶ ሳለ የለም፤ ድርጊቱ በገዛ ጉሮሮው ተፈጽሞ እያለ ስለ ድርጊቱ የሚያውቀው ምስክር የነገረውን ያህል ብቻ ነው። ለሃያ ዓመት ያህል «እኔ አላንኮራፋም» እያልኩ የኖርኩት ዋሽቼ አይደለም፤ አልሰማሁም። እሷን ከእንቅልፏ የሚያባንናት የድምፄ መቋረጥ እንደነበረ ያወቅሁት እንኳ ሐኪም ዘንድ አብረን ከቀረብን በኋላ ነው። ሳንኮራፋ እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ ዝም ስል ግን ነቅታ እንደምትጠብቅ ነገረችው፤ እስከ ስንት እንደምትቆጥር ሲጠይቃት «ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ» ስትል እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ በፊት ያማከርናቸው አንዲት ባልቴት «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ» ብለው ነበር። ከእጃቸው ያወጣኝ አምላክ ይመስገን፤ ሰው ሲያንኮራፋ ከሚርገበገቡት ሥጋዎች አንዱ እንጥል መሆኑን ስረዳ ግን የሴትዮዋ ግምት ፈጽሞ ከመንገድ የወጣ እንዳልነበረ ገብቶኛል። የአንድ ሌሊት ምርመራ ተደርጎ ትንፋሼ በሰዓት 34 ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚያጥር ታወቀ። የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ሰከንድ የዘለቀው ብቻ ነው፤ በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ደኅና፣ 30 ሲደርስ ከባድ ይባላል።

የእህቴ ልጅ ማሽኑን ከውጭ ይዞልኝ ከመጣ ወዲህ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። ሲፓፕ የሚባለው ይህ ማሽን የክፍሉን አየር ስቦና አጣርቶ፣ በቱቦና በጭንብል አድርጎ፣ በማያቋርጥ ግፊት ወደ አፍንጫ ይልካል፤ ስንተኛ የሚረግበው የጉሮሮ ሥጋ ያን ጊዜ፣ አየር የሞላው ከረጢት ግድግዳና ግድግዳው እንደማይጣበቅ ሁሉ፣ ተደግፎ ክፍት ይሆናል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ ይህን በ5 ሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በዚያን ዘመን እኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ በቅዳሴ መካከል መቋሚያውን ተደግፎ፣ ቆሞ ሲያንቀላፋ እያየሁ አፍር ነበር። አሁን አላፍርም፤ አዝናለሁ እንጂ።

የግፊቱ መለኪያ ሴንቲ ሜትር ውሃ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ለእኔ የታዘዘው 11 ነው፤ ከአንድ ጋት ብዙም የማይዘል ውሃ ክብደት ማለት ነው። ፊት ለፊቴ የተንጣለለው ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ ሁሉ ባሕር ላይ ላዩን አንድ ጋት ቢገፈፍ የእኔን ሌሊት ለማሳደር በቂ ነው። ይህን እያሰብኩ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ስመለከት ጉማሬዎቹ ትዝ አሉኝ። ጉማሬ ውሃ ውስጥ እንደተኛ፣ ሳይነቃ፣ በየጥቂት ደቂቃው ብቅ ብሎ ይተነፍስና ተመልሶ ይሰጥማል። እኔም ለሃያ ዓመት የሠራሁት ይኸንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እሱ አርፎ ሲያድር እኔ በሰዓት 34 ጊዜ በፀጉሬ እየተጎተትኩ የወጣሁ ያህል ደክሜ ማደሬ ነው። ለአውሬ በተፈጥሮ የታደለው ጸጋ ለእኔ በቱቦ፣ በሶኬትና በቆጣሪ ሒሳብ መሰጠቱ፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም ጸጋው አብሮ መጥፋቱ ጥቂት ቅር አሰኘኝ። ደንገል የጫነ ታንኳ ቀስ ብሎ ሲያልፍ እያየሁ ለረጅም ጊዜ ስለ ጉማሬ ብቻ አሰብኩ፤ ብቅ ሲል በአፍንጫው የሚለቀውን ያን እፍታ በዓይነ ኅሊናዬ ስሰማው ግን ድምፁ ከዚህ ቀደም የማውቀው ሆነብኝ። ጭንብሌ ሲያፈስ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

ጢሜን ዳሰስኩት። አጎቴ ካረፉ ጀምሮ ለሐዘን ሳልላጭ አርባ ቀን ሞልቶኛል፤ የአፍንጫ ጭንብል የሚያርፈው ደግሞ ልክ የላይኛው ከንፈር ላይ፣ ጢሙ ከሁሉ በሚበዛበት ቦታ ነው። ሲሊኮኑ ከቆዳ ጋር እንጂ ከጠጉር ጋር አይስማማም፤ በጠጉሩ መካከል አየሩ ያመልጣል፣ የታሰበው 11 ጉሮሮዬ ዘንድ ሲደርስ ጎድሎ ይደርሳል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ማፍሰሱን በሰማሁ ቁጥር ማሰሪያውን ስወጥረው ከረምኩ፤ ሲበዛ የተወጠረ ጭንብል ቅርጹ ተበላሽቶ ይብሱን እንደሚያፈስ መመሪያው ላይ ተጽፎ ሳለ። በዚህ ላይ ጠዋት ጠዋት ምላሴ እንደ ቆሎ ምጣድ ደርቆ ነበር የምነሣው፤ ይህም ማለት አፌ ሌሊት ይከፈታል፣ በአፍንጫ የገባው አየር በአፍ ይወጣል፣ የረገበው ላንቃም ይርገበገባል ማለት ነው። ኮረፌውም የድርሻውን አድርጓል፤ መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያዝል ለጾመኛ ጉሮሮ የበቃው ግፊት ለተዝካር ጉሮሮ አይበቃም። በአንድ ጋት ውሃ የተደገፈ ቤት መሆኔን ረስቼ ነበር።

ወደ ቤት ተመልሼ፣ ያኮረፍኩበትን ምክንያት ለጊዜው ዘንግቼ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሰማሽኝ?» አልኳት። «ገና እንደተኛህ ነው እንጂ፤ ከዚያማ እኔንም ወሰደኝ» አለች። ይህን ቀደም ብላ ብትነግረኝ ኖሮ ቡናዬን እጠጣ ነበር። ማሽኔ ሲጀምር እንዳያስጨንቀኝ ተብሎ ከ4 ተነሥቶ በ45 ደቂቃ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 11 እንዲወጣ ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ እኔ ደግሞ ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ የምጠፋ ሰው ነኝ። ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እኔ ተኝቻለሁ፣ ማሽኑ ገና እየተንጠራራ ነው። የተከሰስኩትም በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ሌሊት ምስክሯም ተኝታለች።

ማታውን ዝግጅት ያዝኩ። ተዝካሩ ስላለፈ ጢሜን ተላጨሁ፣ ሲሊኮኑን በሳሙና አጠብኩ፣ ማሰሪያውን አላላሁ፣ የእርጥበት መስጫውን ውሃ ሞላሁ፣ በጀርባዬ እንዳልገለበጥ ከኋላዬ ትራስ ደገፍኩ፣ ቀስ በቀስ የሚወጣውንም ግፊት አጠፋሁት። ማሽኑ ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ 11ን ሲለቅብኝ በሚሮጥ መኪና መስኮት ፊቴን ያወጣሁ መሰለኝ። ከዚያም አንኮራፋ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን አቅንቼ ተጋደምኩ። ሰው የራሱን ማንኮራፋት ለመስማት ነቅቶ መጠበቁ ከንቱ መሆኑን የተረዳሁት የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ነው። እሷ ከጎኔ እንደ ሕፃን ተኝታ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የማሽኑ መስኮት 7 ሰዓት ተኩል እንደተጠቀምኩ፣ ማፍሰስ እንደሌለ፣ በሰዓት የተቋረጠ ትንፋሽም 0 እንደሆነ ነገረኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት አግኝቼ አላውቅም። ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው ጭንብሉ ፊት ላይ በመሆኑ እንጂ ባለቤቱ በመተኛቱ አይደለምና ልወቅሰው አልችልም። «ዛሬስ አላንኮራፋህም» አለችኝ እሷም ቡናውን እየቀዳች፤ አመሰግናለሁ ብዬ ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ አንድ ደብዳቤ እያነበብኩ ነበር። ቀና ስል ደብዳቤው አገጬ ሥር ነው፣ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ከወትሮው በተለየ ትጋት ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል፣ ወጣቷ የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። አንኮራፍቼ ይሆን? ባለቤቴ እዚያ አልነበረችም፤ እነዚህን ደግሞ በምን አፌ ልጠይቃቸው?