ለመራራቅም አቅም ይጠይቃል

ኮሮና በገባ ሰሞን ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ኩሽና፣ አንድ መታጠቢያ። ሁላችንም በሰው አገር ሠርተን አዳሪ ነን፤ ገሚሱ ጽዳት፣ ገሚሱ መጋዘን። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ሜትር ተራራቁ አለ። እኛ ያለንበት አገር ደግሞ 2 ሜትር አደረገው። በእኛ ክፍል ከአልጋ እስከ አልጋ ሰው የሚያልፈው በጎኑ ዞሮ ነው።

ያኔ «ስደተኛ አይሰማም» የሚል ወሬ በዝቶ ነበር። ይሄ ወሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መመሪያውን ያልሰማ ከመሃላችን አንድም አልነበረም። አብዛኞቻችን መራቅ እንፈልግ ነበር። የት ሄደን እንራቅ?

መጋዘናችን ወለሉ ላይ ቢጫ ቴፕ ተለጥፎበት ነበር። ሥራው ላይ ሰው ከሰው ይርቃል፤ እዚያ ችግር የለም። ችግሩ ፈረቃ ሲቀየር ነው። አሻራ የምንሰጥበት ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የልብስ መቀየሪያው ጠባብ ኮሪደር ጫፍ ላይ። የሚገባውም የሚወጣውም እኩል እዚያ ይደርሳል። ትንሽ ካረፈድክ ከደሞዝህ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ማንም «እለፍ» አይልህም። የፊተኛው ሰው ትንፋሽ እስኪሰማህ ድረስ ተጠጋግተህ ትቆማለህ።

በኋላ አንዲት የፈረቃ ኃላፊ መጣች። ወጪና ገቢውን በ15 ደቂቃ ለየች። አሻራው ቀረና ስማችንን ራሷ በወረቀት መያዝ ጀመረች። መግቢያና መውጫውንም ሁለት በር አደረገችው። ግፊያው ወዲያው ጠፋ። እኛ ያው እኛው ነን፤ የተለወጠው በሩና ሰዓቱ ነው። ስንት ፖስተር ተለጥፎ ያልሆነውን ይቺ ሴትዮ አደረገችው።

ከሁሉም የከበደው ግን የገንዘብ ነገር ነው። አብሮን የሚኖር አንድ ልጅ ማታ ማታ ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ያስል ነበር። እንዳንሰማው ነው። የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ካልገባ ክፍያ የለም። ለብቻው አግኝቼ ለምን እንደማይናገር ስጠይቀው፣ «ብናገር ሁላችሁንም ነው ቤት የሚያስቀምጧችሁ ወንድሜ። ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው?» አለኝ። የደበቀው ለእኛ አስቦ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ግዴለሽ ማለት ይከብደኛል።

ይህ በሽታ ምልክቱ ሳይታይ ገና ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ይተላለፋል። ስለዚህ ቤት መቀመጥ ያለበት የታመመው ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ጋር የዋለ ደህና የሚመስለውም ጭምር ነው። ደህና የሆነን ሰው ያለ ደሞዝ ተቀመጥ ብትለው በምን ይኑር? በዚያው ዓመት ሲንጋፖር ውስጥም በሽታው የበረታው በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው በሚያድሩ የውጭ አገር ሠራተኞች ላይ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ቤት ለምንቀመጥባቸው ቀናት እንደሚከፍል ሲያስታውቅ ልጁ በማግስቱ ራሱ ስልክ ደውሎ ተናገረ። አንዱን ክፍል ለእሱ ለቀቅን። እኛ የቀን ሠራተኛና የሌሊት ሠራተኛ እየተቀያየርን ተኛን። ብርድም ቢሆን መስኮት ከፍተን አደርን፤ ኩሽና በየተራ ገባን።

ሌላው መተማመን ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2020 አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ በ9 የመንግሥት ኪራይ ሕንፃዎች የሚኖሩ 3,000 ያህል ሰዎች፣ በሽታው እንዳይዛመት ከቤት አትወጡም ተብለው ያለ ማስጠንቀቂያ በራቸው ላይ ፖሊስ ቆመባቸው። ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። የግዛቱ እንባ ጠባቂ በዓመቱ መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ድንገት መዘጋቱ የሰብአዊ መብት ሕጉን የጣሰ ነው ብሏል። በሩ ላይ ፖሊስ ያየ ሰው ሌላ ቀን ሲያስለው ለማን ይናገራል? እኛ ጋ የሠራው ነርስ የሆነች እህታችን በአማርኛ ቀድታ በስልክ የምትልክልን ድምፅ ነበር። «ስም አይጠየቅም፣ ወረቀት አይጠየቅም፣ ሄዳችሁ ተመርመሩ» ብላ ቁርጡን ነገረችን። ሲፈሩ የነበሩት ሄዱ።

ልጁ ድኖ ሥራው ላይ ነው። የሕመም ቀን ክፍያው ግን ወረርሽኙ ሲያልፍ አብሮ ተነሣ። እንዲመልሱልን በሠራተኛ ተወካያችን በኩል ጠይቀናል፤ እስካሁን መልስ አልሰጡንም።